«በዘር ነው» ከማለት በፊት
ስለ ደገኛው ልብና ስለ ጓያ ሽባነት የተደረጉ ጥናቶች ሲመረመሩ

ከጉና ተራራ ግርጌ ተነሥተው እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆ በሚወርዱት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር የአንድ ጎልማሳ እግር ቢተሳሰር፣ ወይም አንድ ልጅ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ቢቆራረጥ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚነሣው ጥያቄ «በወገኑ እንዲህ ያለ ሕመም ነበረበትን?» የሚል ነው። ነበረበት ከተባለ ምርመራው በዚያው ያበቃል፤ በዘር ነው ይባላል። በዘር ነው የተባለ ሰው ደግሞ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ምክንያት ያጣል፤ ሴት ልጁ ለጋብቻ ስትታሰብም ነገሩ ተነሥቶ ጋብቻው ይቀራል። እንግዲህ ቃሉ የሚጎዳው በሽተኛውን ብቻ አይደለም ማለት ነው።

በዘመናችን ይኸው ቃል ከቤተ ሙከራ «ዘረ መል» ተብሎ ሌላ ልብስ ለብሶ መጥቷል። በሊቃውንት ዘንድ ዘረ መል ማለት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ የሰውነትን አሠራር የሚወስን ረቂቅ ትእዛዝ ነው፤ ሚውቴሽን የሚባለውም በዚህ ትእዛዝ ላይ የሚደርስ ለውጥ ነው። በገበያና በለቅሶ ቤት ግን ዘር ማለት ወገን፣ ትውልድና ስም ነው። ሁለቱ ቃላት በአንድ ሥር ስለሚገናኙ በተመራማሪው ብዕር በጥንቃቄ የተጻፈው ነገር በአንባቢው ዘንድ ፍርድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በአገራችን ደጋ ስለ ደም፣ ስለ ልብና ስለ ጡንቻ ትእዛዝ የተደረጉ ሦስት ወገን ጥናቶችን መርምረን፣ የትኛው የዘረ መልን ነገር በተገቢው ቦታ እንዳነሣ፣ የትኛውስ ከለካው በላይ እንደ ተናገረ ለማመልከት እንወዳለን። ጥናቶቹ የተደረጉት በስሜን፣ በባሌ፣ በደላንታና ዳውንት እንዲሁም በልዩ ልዩ ከተሞች ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ አገር በስሜንና በደላንታ መካከል ስለሚገኝ ከሁለቱም ወገን የሚነገረው ይመለከተዋል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የደገኛው ደምና ልብ

ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ይህን ጉድለት የሚያካክሱት ኦክስጅን ተሸካሚው የደም ቀለም፣ ማለት ሄሞግሎቢን፣ በዝቶላቸው ነው። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ያን ያህል ሳይበዛ፣ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ እንዳለ ይኖራሉ። አሜሪካዊቷ ሲንቲያ ቢል፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ከዶክተር አምሃ ገብረመድኅንና ከሌሎች ጋር በ2002 ያወጡት ጥናት ግን ሦስተኛ ዓይነት አሳየ። በስሜን በ3530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 አማሮች ሲመረመሩ የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ በዴሲሊትር 15.9 ግራም፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም፣ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም 95.3 ከመቶ ሆኖ ተገኘ። ይህም በባሕር ጠረፍ አጠገብ ከሚኖር ሰው ብዙ የሚለይ አይደለም።

የዚህ ጥናት ዋጋ ከፍ ያለ ነው። የሰው ልጅ ለደጋ አየር የሚሰጠው መልስ አንድ ዓይነት አለመሆኑን በአኀዝ አሳይቷል። ሆኖም ሦስት ተቃውሞዎች አሉን።

የመጀመሪያው በስሙ ላይ ነው። ጥናቱ ያገኘውን «የኢትዮጵያ» አኳኋን ብሎ ሰየመው። በ2012 የወጣው ጥናት አማሮችንና በባሌ ደጋ የሚኖሩ ኦሮሞዎችን ጎን ለጎን ሲመለከት ግን፣ የባሌዎቹ ሄሞግሎቢን ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት አማሮች በደጋው ቢያንስ 5000 ዓመት ሲኖሩ፣ ኦሮሞዎች ወደ ባሌ ከፍታ ከወጡ 500 ዓመት ያህል ነው። እንግዲህ የአንድ አካባቢ ልክ የአገር ሁሉ ልክ ሊሆን አይችልም። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ተራራ ነው፤ በሥሩ የሚያርሰው ገበሬም በቋንቋና በትውልድ ከስሜኑ ጋር ቢቀራረብ እንኳ፣ ሳይለካ ተለክቷል ሊባል አይገባውም።

ሁለተኛው በዘረ መሎቹ ዝርዝር ላይ ነው። በቲቤት በ2010 ልዩ ልዩ ቡድኖች ለየብቻቸው ፈልገው ኢፓስ1 በተባለው ዘረ መል ላይ ተገናኝተዋል። በኢትዮጵያ ግን በ2012 አንዱ ቡድን ቫቭ3ንና ኤርንት2ን የመሳሰሉትን ጠቀሰ፤ በ2013 ሌላው ቢኤችኤልኤችኢ41 የተባለውን አጎላ፤ በ2014 ሦስተኛው ደግሞ በ19ኛው ክሮሞሶም ላይ ያለ ክፍልን አመለከተ። ይህ የሥራ ጉድለት ነው አንልም፤ የተመረጡት ሰዎችና የአቈጣጠሩ ስልት ስለሚለያዩ ውጤቱም ሊለያይ ይችላል። ነገር ግን እነዚህ ጥናቶች ያገኙት በረጅም ዘመን የተፈጥሮ ምርጫ ያለፈበትን ዱካ ነው። ዱካው አውሬው ያለፈበትን ቦታ ያሳያል እንጂ አውሬውን አያሳይም። ስለዚህ «የደገኛው ዘረ መል ተገኘ» ብሎ በጋዜጣ የሚጽፍ ሰው ከሊቃውንቱ ቀድሞ ሮጧል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ስለ ልብ ነው። በ2011 የወጣ ጥናት በደጋ የሚኖሩ አማሮችን በቆላ ከሚኖሩት ጋር አስተያይቶ፣ ከልብ ወደ ሳንባ ደም በሚወስደው ቧንቧ ያለው ግፊት በደገኞቹ ዘንድ ከፍ ብሎ አገኘው። የተመረመሩት ጤነኞች ናቸው፤ ጥያቄው ስለ ጤነኛ ሰው ስለ ነበረም ተገቢ ነው። ነገር ግን የልባቸው በር የጠበበባቸው ልጆች በዚሁ ደጋ አሉ። የልብ በር ሲጠብብ ደሙ ወደ ኋላ እየተጠራቀመ የሳንባውን ግፊት ከፍ ያደርገዋል። ከፍታውም ከፍ የሚያደርገው ከሆነ ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይ ሲደራረቡ ምን ይሆናል? ለጉና አካባቢ የሚጠቅመው ጥያቄ ይህ ነው፤ ከጥናቱ መድረክ ላይ የቀረውም ይኸው ነው።

2. ጡንቻው ሳይታመም የሚታሰር እግር

ከደም ወደ እግር እንለፍ። ጓያ በክረምቱ ማለቂያ በዋልካ መሬት የሚዘራ፣ ውሃ ቢበዛበትም ቢጠፋበትም የሚችል እህል ነው። ሌላው ሁሉ ሲከስም ጓያ ይተርፋል፤ ጉዳቱም የሚመጣው ከዚሁ ደግነቱ ነው። በጓያ ውስጥ ኦዳፕ የተባለ መርዝ መኖሩን የሕንድ ሊቃውንት በ1964 አስታውቀዋል። አንድ ሰው ለሳምንታትና ለወራት ከጓያ በቀር ሌላ ካልበላ ከአንጎል ወደ እግር ትእዛዝ የሚያወርዱት ነርቮች ይጎዳሉ። ጡንቻው ራሱ አልሞተም፤ ሰውየው ስሜቱንም አእምሮውንም አላጣም። ነገር ግን ትእዛዙ ስለ ተበላሸ እግሮቹ ይገትራሉ፣ ጉልበቶቹ ይጋጫሉ፣ በጣቶቹ ጫፍ ይረግጣል። አንዳንዱ ያለ ምርኩዝ ይሄዳል፣ አንዳንዱ በአንድ ምርኩዝ፣ አንዳንዱ በሁለት፤ ክፉኛ የተመታው ይድሃል። አንዴ ከደረሰ አይመለስም።

በአገራችን ይህን በሽታ በማጥናት ስማቸው የሚጠራው ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት ናቸው፤ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ገጠሮች በሽተኞችን ቤት ለቤት ቈጥረዋል። ከዚያም ዶክተር ኃይለየሱስ ጌታሁንና ጓደኞቻቸው፣ ከጋይንትና ከስማዳ በምሥራቅ በሚገኘው በደላንታና ዳውንት፣ ከ1995 እስከ 1997 ከነበረው የእህል እጦት በኋላ የተነሣውን ወረርሽኝ መርምረው በ1999 አሳተሙ።

እዚህ ላይ የ«በዘር ነው» ፍርድ ከሁሉ ይልቅ ሲሳሳት እናያለን። ከአንድ ቤት ሁለት ወንድማማች ቢሽመደመዱ ሰው የሚያየው ደማቸውን ነው፤ የበሉበትን ገበታ አያይም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1942 እና በ1943፣ በሩማንያ እጅ በነበረው በቫፕኒያርካ የእስረኞች ሰፈር በመቶ የሚቆጠሩ አይሁድ እስረኞች በጓያ ምክንያት እግራቸው ተይዟል። ያገናኛቸው የእስር ቤቱ ድስት እንጂ የአንድ አባት ልጅነት አልነበረም። ከእስረኞቹ አንዱ የነበረው ዶክተር አርተር ኬስለር ምክንያቱን ያወቀው ድስቱን ተመልክቶ ነው።

በሌላ በኩል እንዲህ ያለ የእግር መገተር በእውነት ከዘረ መል የሚመጣበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ ስፓስቲን የተባለው ፕሮቲን ትእዛዝ የሚገኝበት ዘረ መል ሲለወጥ፣ ከጓያ ሽባነት ጋር የሚመሳሰል በሽታ በቤተ ሰብ ውስጥ ይወርዳል፤ ይህ ዘረ መል የታወቀው በ1999 ነው። ሁለቱን ሰዎች በመንገድ ሲሄዱ ብናይ አካሄዳቸው አንድ ነው። የሚለያቸው ታሪካቸው ነው። የጓያው ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ይመጣና ባለበት ይቆማል፤ የዘረ መሉ ግን ቀስ ብሎ ጀምሮ ከዓመት ዓመት ይብሳል። ስለዚህ ጠይቆ መረዳት የሚችል አንድ የጤና ሠራተኛ፣ ውድ መሣሪያ ባይኖረውም፣ ከፍርዱ ግማሹን መፍታት ይችላል።

የዶክተር ኃይለየሱስ ቡድን በ2003 ያወጣው ጥናት ደግሞ ለወጥ ቤት የሚጠቅም ነገር አስተማረ። ጓያው በንፍሮ፣ በቆሎና በእሸት ሲበላ አደጋው ይጨምራል፤ ተቦክቶ እንጀራ ሲሆን ወይም በወጥ መልክ ሲበላ ግን ከአደጋው ጋር ግንኙነት አልታየበትም፤ ከሌላ እህል ጋር ሲደባለቅ ደግሞ አደጋው ይቀንሳል። ይህ እጅግ የምናመሰግነው ሥራ ነው፤ ጓያ ሲቀቀል የሚወጣው እንፋሎት ያሽመደምዳል እየተባለ የሚፈራውን ትቶ ወደ አበሳሰሉና ወደ አበላሉ ዓይናችንን መልሷልና።

ቢሆንም ምክሩ ለማን እንደሚነገር እንጠይቅ። «ከጤፍ ወይም ከገብስ ጋር ቀላቅሉ» የሚባለው ሰው ጤፍና ገብስ ቢኖረው ኖሮ ወደ ጓያ ብቻ ባልወረደም ነበር። አቡክቶ ለመጋገር ጊዜና ማገዶ ያሻል፤ ንፍሮና ቆሎ ግን በጥቂት ጭራሮ ይደርሳል፤ እሸቱማ ጭራሮም አይፈልግ። መርዙ የቀነሰ ዋሴ የተባለ የጓያ ዘር በአገራችን ለገበሬ መቅረቡም መልካም ነው፤ ሆኖም የኦዳፕ መጠን ድርቅ ሲበረታ የሚጨምር ስለ ሆነ፣ ዘሩ ብቻውን ዋስ አይሆንም። ከ2005 ጀምሮ ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በሴፍትኔት የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው። እንግዲህ የጓያ ጥናት የመጨረሻ ገጽ መጻፍ ያለበት በምግብ ዕርዳታ መዝገብ ላይ ነው፤ የሚረዳው እህል ገበሬው በጓያ ብቻ መኖር ከመጀመሩ በፊት ከደረሰ ብዙ እግር ይድናል።

በአንድ ነገር ግን ለዘረ መል ተመራማሪዎች ፍርድ እንሰጣለን። ከአንድ ድስት የበሉ ሁሉ እኩል አይታመሙም፤ ከሴቶች ይልቅ ወጣት ወንዶች ይበዛሉ። በሰው ተፈጥሮ ውስጥ የሚያጠነክር ወይም የሚያደክም ልዩነት አለ ወይ ብሎ መፈለግ ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን ጥያቄው ሁለተኛ ሆኖ ይቀመጥ፤ መጀመሪያ ድስቱ ይታይ።

3. የልብ በርና የአንድ መደብ ልጆች

ሦስተኛው ወገን ስለ ሪውማቲክ የልብ በሽታ የተደረገው ነው። ይህ በሽታ የሚጀምረው በልጅነት የጉሮሮ ቁስል ነው። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሕዋስ ጉሮሮን ሲይዝ ሰውነት በተሕዋሱ ላይ የሚያነሣው ጦር በአንዳንድ ልጅ ተሳስቶ የራሱን መገጣጠሚያና የልብ በሮች ይወጋል። የጉሮሮው ሕመም በተጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከተሰጠ ይህን ጥፋት ማስቀረት ይቻላል። በገጠራችን ግን ጉሮሮው ያበጠ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ በመሄድ ፈንታ እንጥሉን የሚቆረጥበት ጊዜ አለ። እንጥሉ ይወድቃል፤ ተሕዋሱ ይቀራል።

እዚህም የ«በዘር ነው» ፍርድ ይገባል። ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ልጆች ልባቸው ቢታመም ዘር ነው ይባላል። ልጆቹ ግን የተካፈሉት ደም ብቻ አይደለም፤ አንድ መደብ ላይ በአንድ ጋቢ ሥር ተኝተው አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ሲተነፍሱ አድረዋል። የጉሮሮ ተሕዋስ ደግሞ የሚተላለፈው እንዲሁ ነው። በእርግጥ የልብ ጡንቻ ከመጠን በላይ የሚወፍርበትና በቤተ ሰብ የሚወርድ ሌላ በሽታ አለ፤ ከምክንያቶቹ አንዱ የሆነው ኤምዋይኤች7 በተባለው ዘረ መል ላይ የሚደርስ ለውጥ መሆኑ ከ1990 ጀምሮ ታውቋል። ይህ በፔኒሲሊን አይከለከልም። ሁለቱ የሚለያዩት በልብ አልትራሳውንድ ነው፤ አንዱ በሩን፣ ሌላው ግድግዳውን ያበላሻልና።

በአገራችን የተደረጉት ቈጠራዎች ሲነበቡ ጥንቃቄ ያሻል። በ1999 በአዲስ አበባ ተማሪዎች ላይ የወጣው ጥናት ከ1000 ልጆች 6.4 በሽተኞች አገኘ፤ በ2016 በልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር 3238 ተማሪዎችን በአልትራሳውንድ የመረመረው ደግሞ ከ1000 ልጆች 19 አገኘ። ከዚህ ተነሥቶ በሽታው በሦስት እጥፍ አደገ የሚል ሰው ይሳሳታል፤ ቦታውም መሣሪያውም ተለውጧልና። በሞዛምቢክ በ2007 የወጣው ጥናት ይህን ግልጥ አድርጎታል፤ በዚያ ያሉ ተማሪዎች በጆሮ ማዳመጫ ሲመረመሩ ከ1000 ልጆች 2.3፣ እነዚያው በአልትራሳውንድ ሲመረመሩ 30.4 በሽተኞች ተገኝተዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሟችን ግን ሌላ ነው። የተቈጠሩት ተማሪዎች ናቸው። በስማዳ ቆላ ወይም በእስቴ ደጋ ትንፋሹ የሚያጥረው ልጅ ዳገቱን ወጥቶ ትምህርት ቤት መድረስ ካቃተው፣ ቈጣሪው በሚመጣበት ቀን በቤቱ ተኝቷል። ከብት የሚጠብቀውም ልጅ በመዝገቡ የለም። እንግዲህ የትምህርት ቤት ቈጠራ ይበልጥ የታመመውን ትቶ የሚሻለውን የሚቈጥር ሚዛን ሊሆን ይችላል። ለልብ ሕክምና የተለየው ማዕከል በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በ2009 ተከፍቷል፤ ይሁን እንጂ ከወገዳና ከዓርብ ገበያ ለሚነሣ ቤተ ሰብ መንገዱ ሩቅ ነው። በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ የሚወጋው ፔኒሲሊን ግን በወረዳ ጤና ጣቢያ ሊሰጥ ይችላል፤ ይህም የሚሆነው ልጁ በጊዜ ከታወቀ ነው።

4. ፍርዱ

ከዚህ በላይ ከተመለከትነው ሦስት ጥያቄዎች ይወጣሉ፤ አንድን በሽታ «በዘር ነው» ከማለት በፊት እነዚህ ቢጠየቁ እንላለን። አንደኛ፣ ሕመሙ የጀመረው በቀናት ነው ወይስ በዓመታት? ሁለተኛ፣ በሽተኞቹ የተካፈሉት ደም ብቻ ነው ወይስ ድስትና መደብም ጭምር? ሦስተኛ፣ የተለካው ማን ነው፣ ሳይለካ የቀረውስ?

የአገራችን ሰው ለዚህ ምርመራ የሚበጅ ሀብት አለው። ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ መከልከሉ፣ ከሁለቱም ወላጆች በሚገናኝ የዘረ መል ጉድለት የሚመጡትን በሽታዎች ያሳንሳል። ለተመራማሪውም በሽማግሌዎች ቃል የተጻፈ የትውልድ መዝገብ ይሆንለታል። ይኸው መዝገብ በደንብ ሲጠየቅ በሽታው የወረደው በትውልድ ይሁን ወይስ የመጣው በአንድ ክፉ ዘመን፣ ማን በየትኛው ዓመት እግሩ እንደ ተያዘ ይናገራል። ከአያት እስከ ልጅ በየትውልዱ የሚታይ ሕመምና፣ በአንድ የረኀብ ዓመት የአጎት ልጆችን፣ ምራትንና ሎሌን በአንድነት የጣለ ሕመም አንድ አይደሉም።

አበው «እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን» ይላሉ። በእኛም አስተያየት እስካሁን የመረመርናቸው ጥናቶች ዋና ጉድለት ይኸው ነው። የደሙ ሊቅ ደሙን፣ የነርቡ ሊቅ እግሩን፣ የልቡ ሊቅ በሩን፣ እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ነቀለ፤ ሁሉም በየረድፉ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል። ነገር ግን ከጉና ሥር ባለ አንድ ጎጆ ውስጥ ሦስቱም በአንድነት ሊገኙ ይችላሉ፤ በስስ አየር የሚሠራ ልብ፣ በክፉ ቀን የጓያ ንፍሮ የበላ አባት፣ ጉሮሮው ያበጠ ልጅ። ስለዚህ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ የሚሄደው የሚቀጥለው ጥናት በትምህርት ቤት ወይም በሆስፒታል በር ሳይሆን በቤት ቢጀምር፣ ደም ከመውሰዱ በፊት ድስቱንና መደቡን ቢጠይቅ፣ ያገኘውንም በአማርኛ ጽፎ ለባለ ደሙ ቢመልስ የሚሻል ይመስለናል። የዘረ መል ምርመራም ከዚያ በኋላ ይምጣ፤ ቦታውን ይዞ ሲመጣ እንቀበለዋለን። ሳይጠየቅ «በዘር ነው» የተባለ አንድ ቤተ ሰብ ስሙ እስኪጠራ ድረስ ብዙ ዓመት ይፈጅበታልና።